ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? የተመረዘ ሰው ሐቅና የጠበቃ አማና



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ የፕሮግራማችን ተከታታዮች! ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አንዱ የአንዲት እናት ነው። ልጃቸው እዚሁ ባሕር ዳር ሕግ ያጠናል። ሲመረቅ በፋብሪካ ፍሳሽ፣ በፀረ-ተባይ መድኃኒትና በመሳሰለው መርዝ ለተጎዱ ሰዎች ካሳ የሚያስከፍል ጠበቃ መሆን ይፈልጋል። ዘመድ አዝማድ ግን «ጥብቅና የውሸት እንጀራ ነው፤ ልጁ ሐራም ሊበላ ነው» ብሎ አስጨንቋቸዋል። እኚህ እናት ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። ይህ ዓይነቱ ሥራ በእርግጥ ምንድን ነው? በዲናችንስ እንዴት ይታያል?

ጥያቄው የአንድ ቤት ቢመስልም የብዙዎቻችን ነው። «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ በሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን አባባል ከማንም በላይ ልናስብበት ይገባል።

የሐይቁ ሁኔታ

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ በተፈጥሮ የሚወጣበት ወንዝ ግን ዓባይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፎገራ ማሳ የታጠበው ፀረ-ተባይም ሆነ ከጎንደር በኩል በመገጭ የሚመጣው ቆሻሻ ማረፊያው ሐይቁ ነው። ከባሕር ዳር ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ በዓባይ መነሻ ውሃ ላይ ስለሚያደርሰው ተጽዕኖ ተመራማሪዎች አጥንተው ጽሑፍ አሳትመዋል። በ2004 ዓ.ም የታየው እምቦጭ ራሱ መርዝ ባይሆንም፣ ከማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚመጣ ምግብ ባገኘበት ውሃ ላይ በፍጥነት የሚስፋፋ አረም ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል።

የዚህ ውሃ ጉዳይ ከሁሉ በፊት የሚነካው ማንን ነው? ሀብታሙ የታሸገ ውሃ ይገዛል። በዳርቻው ያለው ደሃ ግን ከሐይቁ ይቀዳል፣ በሐይቁ ያጥባል፣ ዓሣውን ይበላል። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት፣ ዓሣ የሚያጠምዱት የነገደ ወይጦ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ኑሯቸው ከዚህ ውሃ ጋር የተጣበቀ ነው። ጎረቤት ለረጅም ዘመን ሲያገላቸው የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። ውሃው ቢበከል መጀመሪያ የሚታመሙት እነሱ፣ መጨረሻ የሚሰሙት ደግሞ እነሱ እንዳይሆኑ ያሠጋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የመርዝ ጉዳት ካሳ ክስ የሚባለው እንግዳ ነገር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕጋችን ውል ሳይኖር በሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሳ እንዲከፍል ያዛል። በተለይ በቁጥር 2069 መርዛማ ነገር በማከማቸት ወይም በመጠቀም፣ ወይም እጅግ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው አደጋው ሲደርስ ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ባለ ሥራው «ጥፋት አልሠራሁም» በማለት ብቻ አያመልጥም። ሁለተኛ፣ «ከመንግሥት ፈቃድ አለኝ» ማለትም አያድነውም። ፈቃዱ የመሥራት ፈቃድ እንጂ ሰው የመጉዳት ፈቃድ አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው አስፍሯል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ በር ከፈተ። በአንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው «አንተን ምን ነካህ?» ሳይባል አካባቢን በሚበክል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ሕጉ የሚቀጣበትም ቦታ አለ። በፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ ይዘጋዋል። መርዝ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነገር ነው። ሰውየው ዛሬ ጠጥቶ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊታመም ይችላል። ሁለቱ ዓመት ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል የሚለው ብቻውን ትልቅ ክርክር ነው። የሕሊና ጉዳት ካሳም በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም 1,000 ብር ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ልጁን ላጣ አባት ምን ይሆነዋል? ስለዚህ ጠበቃው የሕክምና ወጪውን፣ የቀረውን ገቢ፣ የሞተውን ከብት አንድ በአንድ ቆጥሮ ማስረዳት ይኖርበታል።

የዳውድና የሱለይማን ፍርድ

ይህ ትምህርት ለሙስሊም አዲስ አይደለም። በሱረቱል አንቢያ ነብዩ ዳውድና ልጃቸው ሱለይማን (ዐለይሂሙ ሰላም) በአንድ አዝመራ ጉዳይ መፍረዳቸው ተጠቅሷል። የሰዎች በጎች ሌሊት ገብተው አዝመራውን አጥፍተውት ነበር። ሙፈሲሮች እንደዘገቡት ዳውድ በጎቹ ለባለ አዝመራው እንዲሰጡ ፈረዱ። ሱለይማን ግን ባለ አዝመራው በበጎቹ ወተትና ሱፍ እየተጠቀመ ይቆይ፣ ባለ በጎቹ ደግሞ ማሳውን ወደ ነበረበት ይመልስ፣ ከዚያ ሁሉም ሀብቱን ይረከብ አሉ። አላህም ፍርዱን ለሱለይማን አሳወቃቸው።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። ጉዳት ያለ ካሳ አይቀርም። ካሳ ማለትም ገንዘብ ወርውሮ መሄድ ብቻ ሳይሆን የጠፋውን ማደስ ጭምር ነው። ደግሞም ጎጂውን ከነሥራው ማጥፋት አይደለም፤ ባለ በጎቹ በጎቻቸውን መልሰው አግኝተዋል። ፋብሪካ ሲከሰስ «ሠራተኛው እንጀራውን ሊያጣ ነው» ብለው ለሚሰጉ ወገኖች መልሱ እዚህ አለ። ዓላማው ፋብሪካው እንዲዘጋ ሳይሆን ፍሳሹን እንዲያጣራና የጎዳውን እንዲክስ ነው።

የጠበቃው ሥራ

ብዙ ሰው ጠበቃ ሲባል የሚታየው በችሎት ፊት የሚንበለበል ምላስ ነው። በመርዝ ጉዳት ክስ ግን ምላስ ጥቂቱ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የከሳሽ መሆኑን አስተምረዋል። የሀገራችን ሕግም ጉዳቱን የማስረዳት ሸክም በከሳሽ ላይ አድርጎታል። ስለዚህ ጠበቃው አራት ነገሮችን እንደ ሰንሰለት ማያያዝ አለበት። ሰውየው በእርግጥ መጎዳቱን፣ ከተከሳሹ ዘንድ መርዙ መውጣቱን፣ ያ መርዝ በምን መንገድ ወደ ሰውየው አካል እንደደረሰ፣ በመጨረሻም ያ መርዝ ያንን በሽታ የሚያመጣ መሆኑንና የዚህን ሰው በሽታም እሱ እንዳመጣው ማሳየት ይኖርበታል። ከአራቱ አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች ክሱ ይወድቃል።

ለዚህ ጠበቃው ኬሚስትና ሐኪም ዘንድ ይመላለሳል። ውሃው ከፍሳሹ ቱቦ በላይና በታች ተቀድቶ እንዲመረመር ያደርጋል። ከላይ ያለው ንጹሕ፣ ከታች ያለው የተበከለ ከሆነ ውሃው ራሱ መሰከረ ማለት ነው። የሆስፒታል ካርድ ይሰበስባል፣ የፋብሪካውን የፈቃድ ሰነድና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ጥናት ይጠይቃል። ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ጉዳት ሲደርስባቸው ደግሞ በ1958ቱ የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 38 መሠረት፣ ሁሉም ከተስማሙ፣ ጥቂቶች ወኪል ሆነው ስለ ሁሉም መክሰስ ይችላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው። የዳኝነት መክፈል የማይችል ደሃም ድህነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ያው ሕግ ይፈቅዳል።

ከተደረጉት ምን እንማራለን?

በሀገራችን የሚታወቀው ክስ ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች የቀረበው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የባለሙያዎች ማኅበር ወንዞቹ በፋብሪካ ፍሳሽ ሲበከሉ ተገቢውን እርምጃ አልወሰደም በማለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ ውድቅ ሆነ። ምክንያቱም ክሱ በበካዮቹ ላይ ሳይሆን በተቆጣጣሪው ላይ መቅረቡ ነበር። ከዚህ የምንማረው ሐቅ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ማንን፣ የትና በየትኛው አንቀጽ እንከሳለን የሚለውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ጉዳይ ነው። በጉጂ ዞን የሻኪሶ አካባቢ ነዋሪዎች ከማዕድን ማውጫው በሚወጣ ኬሚካል የተነሣ ልጆቻችን ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከብቶቻችን ያልቃሉ ብለው ለዓመታት አቤት አሉ። በ2010 ዓ.ም ተቃውሞ ሲበረታ መንግሥት የኩባንያውን ፈቃድ አገደ። በ2013 ዓ.ም ሥራው እንደገና እንዲጀመር ተፈቀደ። እዚህ ላይ ልዩነቱን እንወቅ። ፈቃድ ማገድ የመንግሥት እርምጃ ነው፤ በራሱ ለታመመው ልጅ መታከሚያ አንድ ብር አያስገኝም። ካሳ የሚባለው ሌላ ጉዳይ፣ ሌላ ማስረጃ፣ ሌላ ትግል ነው።

ከውጭው ዓለም የጃፓኗን ሚናማታ እናንሣ። የአንድ ኬሚካል ፋብሪካ ፍሳሽ ሜርኩሪ ወደ ባሕር ገባ፣ ከባሕር ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ አጥማጆቹ ቤተሰቦች ተሻገረ። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር፤ ተጎጂዎቹ በፍርድ ቤት የረቱት ግን በ1973 ነው። በዚህ መካከል ጎረቤት «ተላላፊ ነው» ብሎ አገለላቸው። የእኛን ዓሣ አጥማጆች ስናስብ ይህን ታሪክ እናስታውሰው።

የአንድ ጠበቃ የሥራ ዘመን ምን እንደሚመስል ለማወቅ ደግሞ አሜሪካዊውን ሮበርት ቢሎትን እንይ። ቀድሞ ለኬሚካል ኩባንያዎች የሚሟገት ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር አንድ ከብት አርቢ ላሞቼ እየሞቱብኝ ነው ብሎ መጣ። ቢሎት ዱፖንት የተባለውን ግዙፍ ኩባንያ ከሰሰ። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያገኘውን ከ100,000 ገጽ በላይ ሰነድ ወለል ላይ ዘርግቶ በየዓመቱ ደረደረ። ኩባንያው የማይጣበቅ መጥበሻ ሽፋን ለመሥራት የሚጠቀምበት ኬሚካል ጎጂ ሊሆን እንደሚችል ቀድሞ ያውቅ እንደነበር ከዚያ አገኘ። ከዚያ ወደ 69,000 ሰዎች ደም ሰጡ፣ ነፃ የሳይንስ ቡድን ለዓመታት አጠና፣ በ2012 ኬሚካሉ ከስድስት በሽታዎች ጋር ግንኙነት ሊኖረው እንደሚችል ደመደመ። በ2017 ከ3,500 በላይ ለሆኑ ክሶች 671 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል ስምምነት ተደረገ። ከመጀመሪያው አቤቱታ እስከዚህ 19 ዓመት ማለት ነው። ይህን መንገድ የሚመርጥ ወጣት ሰብርን ስንቁ ያድርግ።

ጥብቅና ሐላል ነው ወይስ ሐራም?

አሁን ወደ እናቲቱ ሁለተኛ ጥያቄ እንምጣ። በክርክር ሰውን መወከል በኢስላም የታወቀ ነው። ዐሊይ (ረ.ዐ) በክርክር ጉዳይ ወንድማቸውን ዐቂልን፣ ኋላም ዐብደላህ ኢብኑ ጃዕፈርን ይወክሉ እንደነበር በፊቅህ መጻሕፍት ተዘግቧል። ስለዚህ ውክልናው በራሱ የተፈቀደ፣ ለድካሙ የሚከፈለው ዋጋም ሐላል ነው። ሐራም የሚሆነው ሐቅን ለመደበቅ ሲውል ነው።

ሱረቱ አን-ኒሳእ ውስጥ ለከዳተኞች መሟገት ተከልክሏል። ይህ የወረደበት ምክንያት እንደተዘገበው፣ የሙስሊም ወገን የሆነ ሰው የጦር ልብስ ሰርቆ በአንድ አይሁዳዊ ላይ አላከከ፤ ዘመዶቹም ሊሟገቱለት ቆሙ። ቁርኣን ግን የአይሁዳዊውን ንጽሕና ገለጠ። ወገን መሆን ሐቅን አይለውጥም ማለት ነው። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በአንደበቱ ርቱዕነት የወንድሙን ሐቅ ያስፈረደ ሰው የወሰደው ከእሳት የተቆረሰ ድርሻ መሆኑን አስጠንቅቀዋል።

እንግዲህ ጠበቃው ለተጎጂ ሲቆምም ፈተና አለበት። ቀድሞ የነበረን በሽታ «ፋብሪካው አመጣብኝ» ለሚል ሰው ከቆመ፣ ወይም ጉዳትን ካጋነነ፣ ያው ዙልም ነው። ያለ አግባብ የተከሰሰ ፋብሪካም ሐቁን የሚያስጠብቅለት ጠበቃ ያስፈልገዋል። የካሳው ገንዘብ ደግሞ አማና ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በኮትዲቯር አቢጃን ከመርከብ የተራገፈ መርዛማ ቆሻሻ ብዙ ሺህ ሰው ጎዳ። የለንደን ጠበቆች ስለ 30,000 ያህል ተጎጂዎች ተከራክረው በ2009 ወደ 30 ሚሊዮን ፓውንድ በስምምነት አስገኙ። ገንዘቡ አቢጃን ሲደርስ ግን ተጎጂዎችን እንወክላለን ባዮች ጣልቃ ገቡና በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ድርሻቸውን ሳያገኙ ቀሩ። የደሃ ካሳ የሚበላ ሰው ከመራዡ በምን ይሻላል?

ስለዚህ እናቴ ሆይ፣ ልጅዎ አላህን ፈርቶ፣ ሐቅን ይዞ፣ አማናን ጠብቆ ከሠራ ሥራው ለተበደለ መቆም ነው። ከመከልከል ይልቅ ዱዓ ያድርጉለት። ከሕግ ትምህርቱ ጋር ጥቂት ኬሚስትሪና ስለ ጤና እንዲያነብም ይምከሩት።

ከየቤታችን ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ጉዳት የደረሰበት ቤተሰብ ዛሬውኑ ይጻፍ። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ውሃው መቼ ቀለሙ ተለወጠ? ከብቱ መቼ ሞተ? የሐኪም ካርድና የመድኃኒት ደረሰኝ አይጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለዳኛ የሚናገረው ያ ወረቀት ነው።

ሁለተኛ፣ አቤቱታ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጅ ይቅር። 30 ቀኑና 60 ቀኑ የሚቆጠሩት በወረቀት እንጂ በወሬ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሽምግልና መልካም ነው፤ ሱልሕ በዲናችን የተወደደ ነው። ነገር ግን ጥቂት ብር ተቀብሎ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት ሕግ አዋቂ ይጠየቅ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ለድሆች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ሄዶ መጠየቅ አያሳፍርም።

አራተኛ፣ ራሳችንን እንመርምር። ጫት ላይ ፀረ-ተባይ ረጭቶ በማግሥቱ ለገበያ የሚያወጣ፣ የመድኃኒቱን ጀሪካን አጥቦ ዘይት የሚይዝበት፣ መኪናውን ዳርቻው ላይ የሚያጥብ፣ የኡድሒያውን ፈርስ ወደ ውሃ የሚጥል ከእኛው መካከል የለምን? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት ቦታ መጸዳዳትን የእርግማን ምክንያት አድርገው ከልክለዋል። ከሰው ቆሻሻ የከፋው መርዝ እንዴት ይታያል?

ውድ ወገኖቻችን! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት መርከብ ላይ ስለ ተሳፈሩ ሰዎች ምሳሌ ሰጥተዋል። የታችኞቹ ውሃ ለመቅዳት ወደ ላይ መመላለሱ ሲሰለቻቸው ከራሳቸው ድርሻ መርከቧን ሊበሱ አሰቡ። የላይኞቹ ዝም ቢሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ጣና የሁላችንም መርከብ ነው፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም። የበሳውን እጅ በሕግ የሚይዝ ሰው ለሁላችንም ይሠራል።

አላህ (ሱ.ወ) ውሃችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ ልጆቻችንን ለሐቅ የሚቆሙ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።